አራት ሞተር ለአንድ ጉልላት

የነጭ ሽንኩርቱን ሚዛን ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ፣
ሞተር እመዝንበታለሁ፣ ከየከረጢቱ ፈትቼ።
አሥራ ሁለት ግራም ይሄ፤ ያኛው አሥራ ዘጠኝ፤
ሁሉም እንደ ገበያ ሰው «እኔን ውሰጂኝ» አለኝ።

ውጭው ቺሎኤ ነው፣ ደሴት፤ ዝናቡ አግድም ይዘንባል፤
የባሕሩ ነፋስ ሌሊቱን የጎረቤት ቆርቆሮ ይቆጥራል።

አባቴ ባውዲሊዮ ጀልባ ሲሠራ ነው ያረጀው።
የቤተ ክርስቲያናችንን ጉልላት፣
ከታች እስከ ላይ እንጨት የሆነውን፣
በየዓመቱ ወጥቶ ሲጠግን የኖረው እሱ ነው።
ዘንድሮ ጉልበቱ እምቢ አለ። መሰላሉን አይቶ ዞረ።
ጣሪያው ደግሞ አፈሰሰ፤ መንበሩ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ።
የቱ ጋ እንደ በሰበሰ የሚያውቅ ሰው የለም።
የምትበር ዓይን ልሠራ ተቀመጥኩ፣
ከመዳፍ ብዙ የማትሰፋ፣ በደወሉ መስኮት የምትሾልክ፤
ሌላ መላ የለም።

መጀመሪያ ፈጣኑን ወደድኩ፤ በአንድ ቮልት እልፍ የሚዞር፣
ትንሽ ፕሮፔለር የሚበቃው፣ እንደ ተርብ ጮኾ የሚወረወር።
አባቴ ድምፁን ሰማ፣ ከምድጃው ዳር ሆኖ፦
«እንዲህ የሚጮህ ሞተር ነበረኝ» አለ፤
«ናፍጣዬን ጨርሶ እዚያው ቆመ፣ ባሕሩን በጩኸት ሸፍኖ።»

ዘገምተኛውን አነሣሁ፣ ሰፊ ክንፍ የሚሸከም።
ልስልስ ነው፤ ክብደቱ ግን! ለእሱ ትልቅ ባትሪ፣
ለባትሪው ደግሞ ሌላ ጉልበት፤
ጉልበት ሸክም ይወልዳል፣ ሸክም መልሶ ጉልበት፣
የዚህ ዘር ቆጠራ ማብቂያ የለውም።
የክንፎቹም ጫፍ ለጫፍ ሊሳሳሙ ደረሱ፤
አንዴ ቢነካኩ ግን ተቆራርጠው ሊፈርሱ።

መካከለኛውን ገጠምኩ፤ ክንፉ ባለሦስት ምላጭ፣
ዝንባሌው የበዛ፣ አየሩን በትልቁ የሚገምጥ።
ሜዳው ላይ ለቀቅኳት። ወጣች። የላከችልኝ ምስል ግን
ጉልላቱ እንደ ሰካራም ሲወላገድ፣
ግድግዳው እንደ ፈላ ውሃ ሲናጥ።

ሞተሩን በጣቴ ነካሁ፤ ጮኼ ለቀቅኩ። ፍም።
አባቴ አውራ ጣቱን ጫነ፤ አሳረፈው፤ ምንም።
«የኔን ጣት አትመኚ ኖልፋ፣ ሬንጅ ሲቀባ የደነዘዘ ነው፤
ባንቺው ጣት ፍረጂ። ያቃጠለሽ ሁሉ
ከአቅሙ በላይ የጫንሽበት ነው።
ክንፉ ብዙ ይገምጣል፤ ማላመጫ የለውም።
ዝንባሌውን ቀንሺለት። ትንሽ የጎረሰ አይታነቅም።»

ባለሁለት ምላጩን አመጣሁ። መርፌ ላይ ሰካው፣ እንደ ድሮው፣
የጀልባ ፕሮፔለር ሲያርም አሸዋ ላይ እንደሚያደርገው፤
አንዱ ጎን ወደ ታች አዘነበለ፣
ቀስ ብሎ፣ እንደ ተኛ ልጅ አንገት።
በብርጭቆ ወረቀት ዳበሰው። እፍ አለበት። መልሶ ሰካ።
ሰባት ጊዜ። ምሳችን በረደ፣ እሱ በትዕግሥት።
በመጨረሻ ክንፉ አግድም ቆመ፤ ወደ የትም አልዘመመ።
ያን የመሰለ ጸጥታ ቤታችን ካየሁ ከረመ።

ማለዳ፣ ነፋሱ ሲተኛ፣ ላክናት።
ምስሉ እንደ ረጋ ወተት፤ ሚስማር የሚቆጠርበት።
በሰሜን በኩል፣ ወጀቡ በሚመታው፣
አሥራ አራት የእንጨት ክዳን ጠቁሮ፣ ሻግቶ፤
ከደወሉ በላይ፣ አሸንዳው ውስጥ ደግሞ መዶሻ፣
ዝጎ፣ የአባቴ ምልክት እጀታው ላይ፣
ቅጠል ለብሶ ተኝቶ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆነው «ኤሌውቴሪዮ ሰረቀኝ» ካለ፣
የእናቴ ወንድም ነው፤ በአንድ መንገድ እያለፉ
ሰላምታ ከመካከላቸው ከተነቀለ።

ስክሪኑን ወደ ፊቱ አስጠጋ። አራቀ። መነጽሩን ጠረገ።
ስለ ክዳኑ አልጠየቀኝም። ቦቲውን አጠለቀ፣
ድንች በከረጢት አደረገ፣
በካፊያው ውስጥ ኮረብታውን፣
በዚያ እምቢተኛ ጉልበቱ፣ ቀስ እያለ ወጣ።

እኔ ሞተሮቹን አንድ በአንድ ነካሁ፤
ለብ ብለዋል፤ ከአራቱም
ጣት የሚያባርር ግለት አልመጣ።